የቋንቋን ድካም ማን ይሸከም?

በአዲስ አበባ ከጦር ኃይሎች ወደ ምዕራብ የሚወጣው ታክሲ ረዳት «ቀራንዮ፣ ቀራንዮ» እያለ ሲጣራ በአፉ ያለው ቃል የሩቅ አገር እንግዳ ነው። በግሪክኛ የራስ ቅል ማለት ነበር። ወንጌል ወደ ግእዝ ሲመለስ አብሮ ገባ፤ ከግእዝ አማርኛ ወረሰው፤ የመድኃኔዓለም ደብር ተጠራበት፤ ሰፈሩም የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማም በዚሁ ስም ቀጠሉ። የዮሐንስ ወንጌል እንደሚተርከው፣ በመጀመሪያው ቀራንዮ ከመስቀሉ በላይ የተደረገው ጽሕፈት በሦስት ቋንቋ ነበር፦ በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ። ቦታው ለከተማው ቅርብ ስለነበረ ብዙ ሰው አነበበው። ጲላጦስ ይህን ያደረገው ለአንባቢው አዝኖ አይመስለኝም፤ ፍርዱ ለሁሉም እንዲሰማ ፈልጎ ነው። ሆኖም ከዚያ ሰሌዳ አንድ ጥያቄ ይወጣል። አፍ የፈቱበት ቋንቋ የተለያየ ሰዎች አንድ ቦታ ሲገናኙ፣ ለመግባባት የሚያስፈልገውን ድካም ማን ይሸከማል? በዚያ ቀን የደከመው ጸሐፊው ነበር። በታሪክ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ደካማው ወገን ነው፤ ቅኝ የተገዛው የገዢውን፣ ከገጠር የመጣው የከተሜውን፣ አቤቱታ አቅራቢው የባለሥልጣኑን ቋንቋ ይማራል። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ሁለቱም ወገኖች ከቤታቸው ወጥተው፣ ማናቸውም ባልተወለዱበት ቋንቋ መንገድ ላይ መገናኘት።

በዚህ በሦስተኛው መንገድ ዕድሜውን የጨረሰው ሰው ሉድቪክ ላዛር ዛመንሆፍ ነው። በ1859 ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለችው፣ ያኔ ግን በሩሲያ ዛር ሥር በነበረችው ቢያሊስቶክ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በከተማይቱ አይሁዱ ይዲሽ፣ ፖላንዳዊው ፖሊሽ፣ ባለሥልጣኑ ሩሲያኛ፣ ጀርመኑ ጀርመንኛ ይናገር ነበር፤ ሁሉም በየፊናው ሌላውን በጥርጣሬ ያይ ነበር። ዛመንሆፍ ከብዙ ዓመት በኋላ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ወንድማማች ነው እየተባለ እንዳደገ፣ ደጅ ሲወጣ ግን ሰው የሚባል ነገር አጥቶ ሩሲያዊ፣ ፖላንዳዊ፣ ጀርመንና አይሁድ ብቻ እንዳየ ያስታውሳል። አድጎ የዓይን ሐኪም ሆነ። በ1887 ዋርሶ ውስጥ፣ በሩሲያኛ የተጻፈች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ «ዶክተር ኤስፔራንቶ» በሚል የብዕር ስም አወጣ፤ ትርጉሙ «ተስፋ የሚያደርገው ሐኪም» ነው። የብዕር ስሙ ውሎ አድሮ የቋንቋው ስም ሆነ። በሕይወቱ ሁሉ ግን ከቋንቋው ይልቅ እጅግ የሚያስደንቀኝ በዚያች መጽሐፍ የሠራው አንድ ነገር ነው። ዓለም አቀፍ ቋንቋ እንደ ማንኛውም ሕዝብ ቋንቋ የጋራ ሀብት ነው ብሎ የደራሲነት መብቱን ሁሉ ተወ። ባለቤት እንዳይኖረው የፈለገውን ቋንቋ መጀመሪያ ከራሱ ባለቤትነት ነጻ አወጣው።

ዛመንሆፍ ግን ሰዋስው ቀማሪ ብቻ አልነበረም። ሐሳቡ ሃይማኖታዊ ነበር፤ ይህን ጎኑን ተከታዮቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ሸፍነውታል። በ1901 «ሂሌሊዝም» ያለውን ትምህርት አቀረበ፤ ስሙን የወሰደው በራስህ ላይ ሊሆን የምትጠላውን በሌላው ላይ አታድርግ ብሎ ካስተማረው ከጥንቱ ረቢ ከሂሌል ነው። በ1906 ትምህርቱን አስፍቶ «ሆማራኒስሞ» አለው፤ የሰው ልጅ አባልነት እንደ ማለት ነው። እያንዳንዱ በሃይማኖቱና በቋንቋው ጸንቶ ይኑር፤ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ግን አንዱ የሌላው ጌታ በማይሆንበት መሬት ላይ ይገናኝ የሚል ነበር። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኤስፔራንቶ ጉባኤ በ1905 በፈረንሳይ ቡሎኝ ሱር ሜር ሲካሄድ 688 ሰዎች ተገኙ። ዛመንሆፍ ለመክፈቻው ጸሎት ጽፎ መጣ፤ የመጨረሻው አንጓ ክርስቲያኑ፣ አይሁዱና ሙስሊሙ ሁሉም የእግዚአብሔር ልጆች ናቸው የሚል ነበር። የንቅናቄው ፈረንሳውያን መሪዎች ያን አንጓ እንዲተወው አስጨነቁት፤ ተወው። ጉባኤውም ኤስፔራንቶ ገለልተኛ መግባቢያ ነው፣ ከዚያ ያለፈው ሐሳብ የየግለሰቡ ጉዳይ ነው ብሎ አወጀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ስም ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ለመነገድና ለመጓዝ የሚረዳ መሣሪያ፣ ሁለተኛው ዛመንሆፍ «የውስጡ ሐሳብ» የሚለው። መሣሪያው በእንግሊዝኛ ተሸንፏል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የውስጡ ሐሳብ ግን የተሸነፈ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ጥያቄው የስንት ሰው ይናገረዋል ጥያቄ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄ ነው። የጋራ ቋንቋን ፍትሓዊ የሚያደርገው ቀላልነቱም፣ ባለቤት ማጣቱም፣ የተናጋሪው ብዛትም አይደለም ባይ ነኝ። ፍትሓዊ የሚያደርገው ድካሙ በተናጋሪዎቹ መካከል መካፈሉ ነው። ኤስፔራንቶ ይህን በዓይን እንዲታይ ያደረገ ምሳሌ ነው፤ ምሳሌው ደግሞ ከቢያሊስቶክ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው።

ኃያላን ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚቀበሉት በጄኔቫ ታይቷል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቋቋመው የመንግሥታት ማኅበር ሥራውን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ይሠራ ነበር። ኤስፔራንቶ በትምህርት ቤቶች ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ ከደገፉት መካከል ፋርስ፣ ቻይናና ሕንድ ነበሩበት፤ ሁለቱን ቋንቋ በባዕድነት የሚማሩ አገሮች ናቸውና ምክንያታቸው ግልጽ ነው። የማኅበሩ ባለሥልጣን የነበሩት ጃፓናዊው ኒቶቤ ኢናዞ በ1921 የፕራግን የኤስፔራንቶ ጉባኤ አይተው መልካም ዘገባ ጻፉ። ፈረንሳይ ግን አጥብቃ ተቃወመች፤ የትምህርት ሚኒስትሯ ሌዮን ቤራር በ1922 በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዳይሰጥ ከለከሉ። ቋንቋው ለሁሉ የሆነለት ሰው ሌላው እንዲማርለት እንጂ እሱ እንዲማር ሲጠየቅ አይወድም። ኢትዮጵያ ማኅበሩን የገባችው በ1916 ዓ.ም. ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው በጣሊያን ወረራ ላይ አቤት ሲሉ ፈረንሳይኛ አሳምረው እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ይህን ንግግር ለብሔራዊ ክብር ብቻ የምናነሳው ከሆነ ግማሹን እናጣዋለን። ንጉሡ ያደረጉት የድካሙን ሸክም ማዛወር ነው፤ በዚያ ሰዓት አስተርጓሚ መጠበቅ የተገደደው የኃያላኑ ጆሮ ሆነ። አንድ የተበደለ ሰው አቤቱታውን በበዳዩ ወዳጆች ቋንቋ የማቅረብ ተጨማሪ ግብር እንዳይከፍል እምቢ ማለት ይቻላል ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ፍርዱን ባያስለውጥ።

በዚያ ዓመት ንግግሩን ከልብ ከሰሙት አንዷ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበረች። በኢትዮጵያ ስሟን የምናውቀው በአርበኝነት ዘመን ወዳጅነቷ ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘችበት ሰሞን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ለንደን ውስጥ ጀመረች። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1927፣ «ዴልፎስ» በሚል ርእስ ስለ ዓለም አቀፍ ቋንቋ የወደፊት ዕድል ትንሽ መጽሐፍ ማሳተሟን ግን የሚያነሳ ብዙ ሰው የለም። ኤስፔራንቶንና ተፎካካሪዎቹን መርምራ ልቧ ያደላው ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ጁሴፔ ፔያኖ ወደቀመረው፣ የላቲንን ቃላት ይዞ የላቲንን እርባታ ወደ ጣለው ቋንቋ ነው። ማንም አፍ ያልፈታበት የሙት ቋንቋ ለሕያዋን መገናኛ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበራት ማለት ነው፤ ግእዝ ለሚቀደስባት አገር ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በነርስነት ሠልጥና በወጣትነቷ ላረፈችው ለንጉሡ ልጅ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራም ሲልቪያ በእንግሊዝ ገንዘብ አሰባሰበች። ሆስፒታሉ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው፣ ወደ ኮልፌ በሚወስደው መንገድ መግቢያ ላይ ያለው ነው። ሆስፒታል ካነሣን፣ በኤስፔራንቶ «ማልሳኑሌዮ» ይባላል፤ «ሳን» ጤና፣ «ማል» ተቃራኒ፣ «ኡል» ሰው፣ «ኤይ» ቦታ፣ «ኦ» የስም ምልክት። አማርኛ ከ«ታከመ» «ታካሚ»፣ «መታከሚያ» ብሎ እንደሚሄድ ሁሉ፣ አንድ ሥር ያወቀ ሰው ዐሥር ቃል ራሱ ይገነባል። ቅጥያዎቹ ተማሪውን ከመሸምደድ ያድኑት ዘንድ እንዲህ ታስቦባቸዋል፤ ድካሙን ማካፈል ብቻ ሳይሆን መቀነስም የዛመንሆፍ ጭንቀት ነበርና። ሲልቪያ በ1956 ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች፤ በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. አረፈች፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደጃፍ ተቀበረች። በቀብሯ ላይ ወለተ ክርስቶስ ተባለች። ስለ ማንም አፍ መፍቻ ያልሆነ ቋንቋ የጻፈችው ሴት በማንም አፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ በተሰጠ ስም ዐርፋለች።

ከሃይማኖት ወገን የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ባቢሎን ነው። ቋንቋን የደባለቀው እግዚአብሔር ራሱ ከሆነ፣ ሰው አንድ ቋንቋ ልሥራ ማለቱ ያንኑ ግንብ እንደገና መጀመር አይሆንም ወይ? ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ተቃውሞ ይልቅ የራሳችን መጻሕፍት ይሰፋሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። በገነት እንስሳት ሁሉ በአንድ አፍ ይነጋገሩ እንደነበር፣ አዳም ሲወጣ አፋቸው እንደተዘጋ ይተርካል። ግንቡ ከፈረሰ በኋላም የፍጥረት ቋንቋ ከሰው ልጅ ሁሉ አፍ እንደጠፋ ይነግረናል። ከዚያ የሚመጣው ክፍል እጅግ ያስገርማል። መልአኩ የአብርሃምን አፍና ጆሮ ከፈተለት፤ አብርሃምም ወዲያው አዋቂ ሆኖ አልተነሣም። የአባቶቹን መጻሕፍት ገልብጦ ስድስቱን የክረምት ወራት ተቀምጦ አጠና፤ የማይገባውን መልአኩ እያስረዳው። ማንም የማይናገረውን ቋንቋ የተማረ የመጀመሪያው ሰው አብርሃም ነው ማለት ነው፤ የተማረውም በጸጋ ብቻ ሳይሆን በድካም ነው። ስለዚህ በባቢሎን የተቀጣው ምን እንደነበር እንለይ። ግንበኞቹ የተቀጡት ስለተግባቡ አይደለም፤ ስማቸውን ለማስጠራት አንድ ከተማና አንድ አፍ ብቻ እንዲኖር ስለፈለጉ ነው። በበዓለ ሃምሳ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ሕዝቡ ሁሉ ዕብራይስጥ መናገር አልጀመረም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ። የደከሙት ሐዋርያት ናቸው፤ ሰሚው አልደከመም። ቁርአንም በሱረቱ ሩም የቋንቋችሁ መለያየት ከአላህ ምልክቶች አንዱ ነው ይላል፤ በሱረቱል ሑጁራትም በጎሳ በሕዝብ የከፈላችሁ እንድትተዋወቁ ነው ይላል። መተዋወቅ ሥራ ነው። ልዩነቱ ከፈጣሪ ከሆነ፣ በልዩነቱ ላይ ድልድይ የመሥራት ድካም ለሰው የተተወ ድርሻ ነው፤ ያንን ድርሻ ለአንድ ወገን ብቻ መጫን ግን ከሁለቱም መጻሕፍት አልተገኘም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጸሐፍት የሚመጣ ነው፤ እናት ያልዘፈነችበት ቋንቋ ነፍስ የለውም ይሉናል። እሹሩሩ ያልተባለበት፣ ያልተለቀሰበት፣ ያልተሰደበበት ቋንቋ ደረቅ እንጨት ነው። ይህን የሚል ሰው በአውሮፓ ቢኖር አይገርመኝም፤ በኢትዮጵያ ግን እንዴት ይላል? ግእዝ ከእናት አፍ ከወጣ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ የቅኔ ተማሪው አማርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ይዞ መጥቶ፣ ሰዋስውን ተምሮ፣ ጉባኤ ቃና ከመቁጠር ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ይዘልቃል። የሚቆጥረው ደግሞ ሌላው ያለውን አይደለም፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት፣ የተባለው አይደገምም። ከእናቱ ጡት ጋር ባልጠባው ቋንቋ ሰምና ወርቅ እየሠራ፣ መምህሩን እያስደነቀ፣ አንዳንዴም እያስለቀሰ የሚኖር ሰው በዓለም ላይ ቢጠራ የኢትዮጵያ የቅኔ ተማሪ ከፊት ይቆማል። በኤስፔራንቶም የሆነው ይኸው ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኦልድ በ1956 በቋንቋው ረጅም ግጥም አሳትሞ ኋላ ለኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከአንድ ጊዜ በላይ ታጭቷል። ነፍስ ወደ ቋንቋ የሚገባው ሰው በደከመበት ልክ ነው። እንዲያውም በተማረው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ቃል መዝኖ ያነሣል፤ አፍ በፈታንበት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ሳንመዝን እንናገራለን።

እዚህ ላይ ግን ግእዝ ራሱ በሐሳቤ ላይ ጠንካራውን ተቃውሞ ያነሣል፤ ልሸሸውም አልፈልግም። የማንም አፍ መፍቻ ያልሆነ ቋንቋ የማንም አይደለም ማለት አይደለም፤ የተማረ የጥቂቱ ይሆናል። በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ላይ የቆመ ምእመን ሁሉ ከግእዙ እኩል ይርቃል፤ ከኮልፌ መስጊዶች አንዱ ውስጥ ቁርአን የሚቀራ የስልጤ ልጅም ከዐረብኛው ጋር እንዲሁ ነው። ይህ ግን የድንቁርና እኩልነት እንጂ የድካም እኩልነት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ይህን አውቃ አንድምታን አበጀች፤ ግእዙ ይነበባል፣ ከሥር በአማርኛ እየተዘረዘረ ይተረጎማል። በኦሮምኛ ደግሞ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ተርጉመው በ1899 አሳተሙ። በእስልምናም መንዙማው የዐረብኛውን ትምህርት ሕዝቡ በሚሰማው አፍ ያወርደዋል። እነዚህ ሁሉ የሚያስተምሩን ገለልተኛ ቋንቋ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን ማረም አለብኝ፤ ድካሙ መካፈል ያለበት በሕዝቦች መካከል ብቻ ሳይሆን በተማረውና ባልተማረው መካከልም ነው። በ1921 የተቋቋመው የሠራተኞች የኤስፔራንቶ ማኅበር የተነሣው ቋንቋውን ለሠራተኛው ጥቅም ለማዋል ነበር። የተማረ ሰው ወደ ታች የመተርጎም ግዴታ ካልተቀበለ፣ የማንም ያልሆነው ቋንቋ የበላዮቹ ርስት ይሆናል።

ኤስፔራንቶ ራሱስ ገለልተኛ ነው? የቃላቱ አብዛኛው ከላቲን ልጆች፣ ከፊሉ ከጀርመንኛና ከስላቭ የመጣ ነው። ለማድሪድ ልጅ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ንባብ ለወልቂጤ ልጅ ሳምንት ይፈጃል። ይህን ዛመንሆፍ አላየውም፤ ቢያሊስቶክ ለእሱ ዓለም ነበረች፣ አፍሪካም እስያም ከአድማሱ ውጭ ነበሩ። ጉድለቱን እቀበላለሁ። ነገር ግን መለኪያዬ ድካም ስለሆነ በቁጥር እንየው፤ ለኢትዮጵያዊው ኤስፔራንቶ ከስፔናዊው ይልቅ ይከብዳል፣ ስፔናዊው ግን ቢያንስ ይማራል። በእንግሊዝኛ ሲገናኙ የለንደኑ ልጅ ድካም ዜሮ ነው። ከዜሮና ከመቶ ሠላሳና ሰባ ይሻላል። ፍጹም እኩል ሚዛን ስላልተገኘ ሚዛኑን መስበር ሌላ ነገር ነው።

አልተሳካም የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው ስንት እንደተገደለበት አይናገሩም። ሂትለር በመጽሐፉ ቋንቋውን የአይሁድ ሴራ ብሎ ከሰሰው፤ ጀርመን ውስጥ ማኅበራቱ በ1936 ተዘጉ። የዛመንሆፍ ልጅ አዳም በ1940 በጥይት ተገደለ፤ ሴቶች ልጆቹ ዞፊያና ሊዲያ በ1942 በትሬብሊንካ አለቁ። ሊዲያ የባሃኢን እምነት ተቀብላ ነበር፤ ያ እምነት ለሰው ዘር ሁሉ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ ያስፈልጋል ብሎ ያስተምራል። በሶቪየት ኅብረትም በ1937 እና በ1938 ቋንቋውን የሚናገሩ ብዙዎች ከባዕድ ጋር ይጻጻፋሉ ተብለው ታሠሩ፣ ተረሸኑ፤ የማኅበራቸው መሪ ኤርነስት ድሬዘን አንዱ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዩኔስኮ በ1954 በሞንቴቪዴዮ ኤስፔራንቶን የሚደግፍ ውሳኔ አሳለፈ። የተናጋሪው ግምት ዛሬም ከመቶ ሺህ እስከ ሁለት ሚሊዮን ይዋዥቃል። ከቁጥሩ ይልቅ አኗኗራቸው ይበልጥ ይናገራል። ከ1974 ጀምሮ «ፓስፖርታ ሰርቮ» በሚባል መዝገብ ቤታቸውን ለማያውቁት ቋንቋ ተናጋሪ እንግዳ በነጻ ይከፍታሉ፤ እንደ እኛ አገር የእግዜር እንግዳ ማለት ነው። እናትና አባታቸው በሁለት ቋንቋ ተወልደው በኤስፔራንቶ ተገናኝተው የወለዷቸው፣ አፍ የፈቱበት ልጆችም አሉ። በ1980 በፊንላንድ ራውማ የተሰባሰቡ ወጣቶች ዓለምን የማሸነፍ ሕልም ይቅር፣ እኛ ራሳችን የመረጥነው የተበተነ ሕዝብ ነን አሉ። በነሐሴ 2024 ደግሞ 109ኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በታንዛኒያ አሩሻ ተካሄደ፤ ወደ አፍሪካ ለመምጣት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ሐሳቡ በአንድ ነገር በትክክል ወድቋል፤ የዓለም ሁሉ ቋንቋ አልሆነም። ሰዎች ሳይገደዱ፣ ሳይከፈላቸው፣ ከሁለት ወገን ደክመው መገናኘት ይችላሉ ወይ በሚለው ግን አልወደቀም።

ይህን ሁሉ ወደ ኮልፌ የማመጣው ምክንያት ስላለኝ ነው። በአጠና ተራ የሚነግደው፣ በየጓሮው የሚኖረው ሰው ጉራጌ፣ ስልጤ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ሌላም ነው። ጉራጊኛ ራሱ አንድ አይደለም፤ ቸሃውና ክስታኔው እርስ በርስ በቀላሉ አይግባቡም። ከቤቱ ስልጥኛ ሰምቶ የሚያድግ ልጅ ትምህርት ቤት በአማርኛ ይቀበለዋል፤ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርስ ሳይንሱም ታሪኩም እንግሊዝኛ ይሆናል። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ኮረብታ ወጥቷል። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነው የጎረቤቱ ልጅ አንድ ብቻ ይወጣል። ይህ ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ አማርኛ በዚህች ከተማ የብዙ ሺህ ሰው የእናት ቋንቋ ነው፣ እኔም የምጽፈው በእሱ ነው። ግን በእሱ የምንጽፍ ሰዎች ሌላው ለእኛ ሲል የደከመውን ድካም አንዴም ቆጥረን አናውቅም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአምስተኛው አንቀጽ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና አላቸው ብሎ አማርኛን የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋ ያደርጋል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ እንዲጨመሩ የሚያደርግ ፖሊሲ አጽድቋል። መጨመሩ መልካም ነው። ነገር ግን ቋንቋ በመዝገብ ላይ ስለተጨመረ ድካም አይካፈልም፤ የሚካፈለው እስከ ዛሬ ያልተማረው ሰው ሲማር ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ቀርቷል። ብዙ ቋንቋ የተማረ ሰው ተጠቃሚ እንጂ ተጎጂ አይደለም ይሉናል፤ የኮልፌው ነጋዴ ሦስት ቋንቋ ስለሚያውቅ ከአንድ ቋንቋ ተናጋሪው ይልቅ ገበያው ሰፊ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እዚሁ ኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስዶ ነበር፤ ኋላ በእስር ቤት ግን ሌላ ሥልጠና መረጠ፣ የጠባቂዎቹን አፍሪካንስ በትጋት ተማረ፤ በዚያም አሸነፋቸው። እውነት ነው፣ ድካም ትርፍ አለው። ግን ክርክሩ ከሁለት በኩል ወደ እኔ ይመለሳል። ድካሙ ሸክም ከሆነ ለአንድ ወገን መጫን በደል ነው፤ በረከት ከሆነም አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ልጅ ከዚያ በረከት ለምን ይቀራል?

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲፈረም የሥራ ቋንቋዎቹ «የሚቻል ከሆነ» የአፍሪካ ቋንቋዎች ይሁኑ ይል ነበር፤ ስዋሂሊ የድርጅቱ ወራሽ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ የሆነው በየካቲት 2022 ነው። «የሚቻል ከሆነ» የምትለው ሐረግ ብዙ ዓመት ትወስዳለች። ኮልፌ ውስጥ ግን የሚቻለው ነገር ቅርብ ነው። ትምህርት ቤቱ በክረምት ይዘጋል፤ አማርኛ አፍ የፈቱበት የሰፈሩ ልጆች በዚያ ጊዜ ከጎረቤት አፋን ኦሮሞ፣ ስልጥኛ ወይም ቸሃ መማር ይችላሉ። መምህር ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ቋንቋውን የሚያውቁት እናቶች ከግንቡ ማዶ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አማርኛውን ከተማሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አንድ ክረምት አይበቃም የሚል ቢኖር፣ ለአብርሃምም ስድስት ወር ፈጅቶበታል።